ቁልፉ ፊት፣ ጩኸቱ ኋላ

በአዲስ አበባ የታክሲ ሙዚቃ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ጎራ ለይቶ እዚያው ቆሞ ይቀራል። አንደኛው ወገን «ሹፌሮቹ ሥርዓት የላቸውም፣ ቴፕ ይከልከል» ይላል። ሌላኛው «ሹፌሩ ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ላይ ነው፣ ሙዚቃም ይከልከል?» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው ነገሩን የጠባይ ጉዳይ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው የመብት። ሁለቱም ግን ጎንበስ ብለው ወንበሩ ስር አላዩም። ስፒከሩ የት ነው የተቀመጠው ብሎ የጠየቀ የለም።

የነገሩ ሥር ያለው ግን እዚያ ነው። የሚኒባስ ታክሲ ድምፅ ተሳፋሪ የሚያሰቃየው በዋናነት ሹፌሩ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ስፒከሩ ያለቦታው ስለተገጠመና ድምፁም በወጉ ሳይከፋፈል እንዳለ ስለሚለቀቅ ነው። በዚህ አገጣጠም መልአክም መሪ ቢይዝ ድምፅ ይጨምራል። ይህ ሳይስተካከል ሹፌር መክሰስም ሆነ ለሹፌር ጥብቅና መቆም ውኃ ቢወቅጡት ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ቴፑ ዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ የድምፁ ቁልፍ ከሹፌሩ እጅ አይርቅም። ትልልቆቹ ስፒከሮች ግን በብዙ መኪኖች ኋላ ናቸው፦ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ፣ ከወንበር ስር፣ አንዳንዴም ጣሪያው ጥግ ላይ፣ ልክ ከተሳፋሪው ጆሮ አጠገብ። ምክንያቱ ሙያዊ አይደለም። ቦታ የተገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። የፊት በር ጠባብ ነው፤ መፍታቱ፣ መለካቱ፣ መልሶ መግጠሙ ጊዜ ይበላል። ከኋላ ግን ሳጥን አስገብቶ ሽቦ መጎተት ብቻ ነው። ውጤቱስ? ድምፁን የሚያዘው ሰው ከድምፁ ምንጭ የራቀው ሰው ሆነ። ድምፁን የሚሸከመው ደግሞ ቁልፉን መንካት የማይችለው ሆነ።

ቁጥሩ ነገሩን ያጠራዋል። ክፍት ሜዳ ላይ ከአንድ ትንሽ የድምፅ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንዱ ጆሮ ከስፒከሩ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 2 ሜትር ከ40 ቢርቁ ርቀቱ ሦስት ጊዜ ታጥፏል፤ ልዩነቱ 18 ዴሲቤል ይሆናል። መኪና ሜዳ አይደለም፤ መስተዋቱና ጣሪያው ድምፁን እየመለሱ ልዩነቱን ያጠቡታል። ስለዚህ ግማሹ ይቀነስና 9 ዴሲቤል ብቻ ይሁን። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም፣ በአጭሩ ኒዮሽ፣ ለሠራተኞች ባስቀመጠው ምክረ ሐሳብ መሠረት ለ8 ሰዓት የሚፈቀደው የድምፅ ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይወርዳል፦ 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፣ 94 ሲሆን 1 ሰዓት። እንግዲህ ጋቢና ውስጥ 85 የሆነው ድምፅ መጨረሻ ወንበር ላይ 94 ቢሆን፣ ሹፌሩ የሥራ ቀኑን ሙሉ ሊሰማው የሚችለውን ሙዚቃ ከኋላ ያለው ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሰማው አይገባም ማለት ነው። መኪናው አንድ፣ ዘፈኑ አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት።

ተሳፋሪው «ሹፌር፣ እባክህ ቴፑን ቀንሰው» ሲል ሹፌሩ ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። እያስመሰለ አይደለም፤ ለእሱ ጆሮ ድምፁ መጠነኛ ነው። በእነዚህ መኪኖች ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮቹ ስር ስለሆነ ጋቢናው በሞተር ጩኸት የተሞላ ነው። የመንገዱ ግርግር በመስኮት ይገባል። ሙዚቃው ደግሞ ከኋላ ተዳክሞ ይደርሰዋል። ያን ሁሉ አልፎ እንዲሰማው ቁልፉን ያዞራል፤ ባዞረ ቁጥር ዕዳውን የሚከፍለው ኋላ ያለው ነው። የድሮ ሰው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያለው ስለ ሐሜት ነበር። እዚህ ግን የሹፌሩ ጆሮ ለተሳፋሪው ባዳ ሆኗል።

በዚህ ላይ መኪናው ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል። ቀጭን ድምፅ አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፤ ልብስና የሰው ገላ ይመጠዋል። ወፍራሙ ድምፅ ግን ሰውን ዞሮ ያልፋል። የ80 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፤ የ3,000 ኸርዝ ደግሞ 11 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። አንድ ረድፍ ትከሻና ጃኬት 11 ሳንቲ ሜትሩን ይከለክለዋል፣ አራት ሜትሩን ግን አያቆመውም። ስለዚህ ታክሲው ሞልቶ ሲሄድ ከኋላ ተነስቶ ሹፌሩ ዘንድ የሚደርሰው ቤዙ ብቻ ነው፤ ቃሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሹፌሩ የዘፋኙን ቃል ፍለጋ ድምፅ ይጨምራል። የሚያገኘው ግን ሌላ ቤዝ ነው።

ሁለተኛው በሽታ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የድምፅ አከፋፈል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል። ይህን ሁሉ አንድ ስፒከር በወጉ ሊያወጣው አይችልም። ለወፍራሙ ድምፅ ብዙ አየር የሚገፋ ሰፊ ስፒከር ያስፈልጋል፤ ለቀጭኑ ደግሞ ፈጥኖ የሚንቀጠቀጥ፣ ቀላልና ትንሽ። ክሮስኦቨር የሚባለው ነገር ሥራው ማደላደል ነው፦ የታችኛውን ለሳብዉፈሩ፣ የመሃሉን ለበሩ ስፒከር፣ የላይኛውን ለትዊተሩ። የተለመደው አከፋፈል ሳብዉፈሩ እስከ 80 ኸርዝ ገደማ፣ ትዊተሩ ከ3,000 ወይም ከ4,000 ኸርዝ ጀምሮ ነው። እያንዳንዱ የሚችለውን ይሠራል፣ የማይችለውን አይነካም።

ይህ ማደላደል ሲዘለል ምን ይሆናል? በሩ ላይ ያለችው ባለ ስድስት ተኩል ኢንች ስፒከር ከበሮውንም፣ ክራሩንም፣ ዘፋኙንም ብቻዋን እንድትሸከም ትገደዳለች። ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር ያንኑ ያህል ድምፅ ለማውጣት ስፒከሯ አራት እጥፍ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ አለባት። 80 ኸርዝ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የበቃት 40 ኸርዝ ላይ አራት ሚሊ ሜትር ትጠየቃለች። አቅሟ ሲያልቅ ትንኮሻኮሻለች። የዘፋኙን ድምፅ የተሸከመችውም ያችው ስፒከር ስለሆነች ቃሉ አብሮ ይበላሻል። ብዙ ሰው «ስፒከሩ ተቀደደ» ብሎ ሌላ ይገዛል። አዲሱም በዚያው መንገድ ይቀደዳል። ችግሩ ስፒከሩ አልነበረም፤ የማይችለውን ሥራ የሰጠው ሰው ነበር።

የሚያበሳጨው መድኃኒቱ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ባለ 4 ኦም ትዊተር ላይ አንዲት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ስትገባ ከ4,000 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ ትቀንሳለች፤ ትዊተሩ ከመቃጠል ይተርፋል። ይህ በጣም ቀላሉ ክሮስኦቨር ነው፤ ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጠንከር ያለውን የፈለገ ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ ያሳተመው፣ በእሱና በባልደረባው በረስ ራይሊ ስም የሚጠራው አከፋፈል አለ፤ በተለመደው አሠራሩ በ24 ዴሲቤል ይቆርጣል። ዛሬ ብዙ የመኪና አምፕሊፋየር ጎኑ ላይ ይህን የምታስተካክል ትንሽ መቀየሪያና ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ካርቶኑን ሲፈቱት እንደነበረው የሚተው ግን ብዙ ነው። የተከፈለበት ዕቃ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ተሳፋሪ ይሰቃያል።

ቃሉ ለምን እንደሚጠፋ ለገባው ሰው አንድ ማነጻጸሪያ ይበቃዋል። የድሮው የቤት ስልክ መስመር ያስተላልፍ የነበረው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር። ቤዝ የለውም፣ ሳብዉፈር የለውም። ይሁንና ሰው በዚያ ስልክ ልጁ መውለዷን ሰምቷል፣ መርዶ ሰምቷል፣ የንግድ ዋጋ ተደራድሯል፤ ቃል አላመለጠውም። ዛሬ አምፕሊፋየርና ሳጥን የተሸከመ ታክሲ ውስጥ ግን ሬዲዮ ላይ ዜና አንባቢው ስለ ነዳጅ ዋጋ ይናገር ስለ ኳስ ውጤት የማይለይበት ጊዜ አለ። የሰው ንግግር የሚለይበት ቦታ መሃሉና ከዚያ ከፍ ያለው ነው። ያ ቦታ በቤዝ ከተዋጠ ሺህ ዋት ቢጨመርም ቃል አይመለስም። ወፍራም ድምፅ ሲበዛ ከእሱ በላይ ያለውን ድምፅ የመሸፈን ጠባይ አለውና።

ደግሞም ድምፅ በጨመረ ቁጥር ቤዙ ከሁሉ ቀድሞ የሚያድግ ይመስላል። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንን ነው፦ ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ቤዝን አሳንሶ ይሰማል፣ ድምፁ ከፍ ሲል ግን የቤዙ ስሜት ከሌላው ፈጥኖ ያድጋል። ለዚህ ነው ሰው ቤዝ ለማግኘት ብሎ ሁሉንም የሚያስጮኸው። በወጉ የተለየና ለብቻው የተመጠነ ሳብዉፈር ቢኖር ግን ያንኑ ስሜት በዝቅተኛ ድምፅ ማግኘት ይቻል ነበር። ጩኸቱ የመጣው ቤዝ ከመውደድ ሳይሆን ቤዙን ለይቶ ማስተናገድ ካለመቻል ነው።

ይህን ሁሉ ገበያው በአንድ ቃል ይሸፍነዋል፤ ዋት። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ይጻፋል፣ ገዢው ቁጥሩን ይገዛል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሰው «አሁን እጥፍ ጮኸ» እንዲል ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። በአንጻሩ ስፒከሩን ወደ ሰሚው ማቅረብ አንድ ሳንቲም ኤሌክትሪክ ሳይጨምር ከዚያ የበለጠ ይሰጣል። ባለመኪናው አምፕሊፋየር ለማሳደግ የሚያወጣው ገንዘብ በሩን ለማስከፈትና ስፒከሩን ፊት ለማስገጠም ቢውል ሙዚቃውም ይጠራል፣ ዲናሞውም ያርፋል፣ ተሳፋሪውም ይተነፍሳል። ባዶ ጣሳ ይንጫጫል እንደሚባለው፣ ብዙ ዋት የሚጠራው ብዙ ጊዜ የጎደለን ሙያ ለመሸፈን ነው።

ሙያ ሲጎድል ደግሞ ትንንሹ ስህተት ብዙ ያስከፍላል። ስፒከር ከፊቱ ድምፅ ሲያወጣ ከጀርባውም ተቃራኒውን ያወጣል። በሩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ካልታሸጉ የፊቱና የኋላው ተገናኝተው ቤዙን ያጠፋሉ። የሁለት ስፒከሮች ሽቦ አንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ እንደገና ይጠፋል። ባለመኪናው «ቤዝ የለውም» ይላል፣ ገጣሚው «ሳብዉፈር ጨምር» ይላል፣ ሳጥኑ ወንበር ስር ይገባል። የጠፋው ቤዝ ግን ሽቦ አገላብጦ በማሰር ሊመለስ ይችል ነበር። በሌላው ቸልተኝነት የመጣ ጉድለት በተሳፋሪው ጀርባ ተከፈለ።

ነገሩ የሚኒባስ ብቻ አይደለም። የቤት መኪናውም ያው ነው። ሴዳን ያለው ሰው የመጀመሪያ ምኞቱ ከኋላ መስተዋቱ ስር ያለው መደርደሪያ ላይ ባለ ስድስት በዘጠኝ ሞላላ ስፒከር ማስገጠም ነው። ከዚያ መደርደሪያ ፊት ማን ይቀመጣል? ልጆች። አባት ፊት ተቀምጦ «መጠነኛ» የሚለው ድምፅ ከልጁ ማጅራት በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ይፈነዳል። ልጅ ደግሞ የሚያውቀው ድምፅ ያ ብቻ ከሆነ «ቀንሱልኝ» አይልም፤ መኪና እንዲህ ነው ብሎ ያድጋል። ትዊተሩ ፊት ይሁን የተባለ እንደሆነ ደግሞ አንዳንዱ ገጣሚ የመስተዋቱን ቋሚ ያለ ጥናት ይበሳል። በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግ በዚያ ቋሚ ውስጥ እንደሚያልፍ አያጣራም። ስፒከር ፊት መሆን አለበት ሲባል የትም ይበሳ ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙ የማይነሳ አንድ ሰው አለ፤ ረዳቱ። ተሳፋሪ ሃያ ደቂቃ ተቸግሮ ይወርዳል። ሹፌሩ ከስፒከሩ ርቆ ተቀምጧል። ረዳቱ ግን ቀኑን ሙሉ ተንሸራታቹ በር አጠገብ፣ ከወንበር ስር ካለው ሳጥን ጎን ነው። ከኋላ «ወራጅ አለ» ሲባል መስማት ሥራው ነው፤ ስለዚህ ከጩኸቱ ጋር ሲታገል ይውላል። በጩኸት የሚሞት የውስጥ ጆሮ ሕዋስ በሰው ላይ ዳግም አይበቅልም። መጀመሪያ የሚጠፋውም ከፍተኛው ድግግሞሽ ስለሆነ ሰውየው «እሰማለሁ፣ ግን ቃሉ አይለየኝም» ይላል። ልጅ እግር ሆኖ የጀመረ ረዳት በጎልማሳነቱ የገዛ ልጁን ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ «ምን አልክ?» እያለ የሚጠይቅ ከሆነ ለዚያ ካሳ የሚከፍለው ማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመስማት ጤና ሪፖርት በ2050 ወደ 2.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የተለያየ ደረጃ ያለው የመስማት ችግር ይኖርበታል ብሎ ገምቷል። ድርጅቱ በ2022 ደግሞ ለሙዚቃና መዝናኛ ቦታዎች መመዘኛ አወጣ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል አይለፍ የሚለውን ነው። ነገር ግን መመዘኛው በዚያ አልቆመም። የድምፅ መሣሪያው አተካከልና የቦታው አኮስቲክ እንዲስተካከል፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲኖር፣ የሚሠሩት ሰዎች እንዲሠለጥኑም ይጠይቃል። የድምፁ መጠን ብቻውን እንደማይበቃ ዓለም አቀፉ ተቋም ራሱ ተረድቶታል። ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ወጥቶ ንፋስ መቀበል ይችላል። ታክሲ ውስጥ በሁለት ሰው መሃል የተጣበቀ ሰው ግን ወዴት ይወጣል?

ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊሰሙም ይገባል። «ወጣቱ ተሳፋሪ ቤዝ ይወዳል፣ ሙዚቃ ያለው ታክሲ ይመርጣል» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ማንም ሙዚቃ ይጥፋ አላለም። ቤዝ የሚወድ ሰው የሚወደው ጥርት ያለ ከበሮ እንጂ የሚንኮሻኮሽ የበር ቆርቆሮ አይደለም። በወጉ የተገጠመ መሣሪያ ለዚህ ወጣትም የተሻለ ነገር ይሰጠዋል።

«ሹፌሩ ድሃ ነው፣ ከየት አምጥቶ ያስተካክል?» ይባላል። ብዙው ማስተካከያ ግን ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው። ቴፑ ላይ ያለውን የፊትና የኋላ ማመጣጠኛ ወደ ፊት ማምጣት ገንዘብ አይጠይቅም። የበር ስፒከሩን ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች እንዳይሠራ ማድረግ፣ አምፕሊፋየሩ ካለው፣ የመፍቻ ሥራ ነው። የተገለበጠ ሽቦ መመለስም እንዲሁ። ከኋላ ያለውን ሳጥን አውጥቶ መሸጥ ደግሞ ገንዘብ ያመጣል። በዚያ ላይ ብዙው መኪና የሹፌሩ አይደለም፤ የባለሀብቱ ነው። «ድሃው ሹፌር» እየተባለ የሚከለለው ብዙ ጊዜ መኪናውን ለማሳመር ሳጥን ያስገጠመው ባለቤት ነው።

«ያልተመቸው ይውረድ» የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር ሳይሆን ንቀት ነው። ጠዋት ሰልፍ ቆሞ ታክሲ ያገኘ ሰው ምርጫ እንዳለው ማስመሰል ነው። ተሳፋሪውም ግን ነፃ አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» እያለ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ይሄዳል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ዝምታ ነው። ሲናገርም «ቀንሰው» ብቻ ይላል። ቢቀንስም ለሚቀጥለው ፌርማታ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ እዚያው ነውና ድምፁ ይመለሳል።

ወደ ሕግ ሲመጣ ባዶ ሜዳ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ብክለትን ሳይዘነጋ ደረጃ እንዲወጣለት ይጠይቃል። ነገር ግን ስለ ድምፅ ብክለት ሲታሰብ የሚታሰበው ከጭፈራ ቤት ወደ ሠፈር የሚወጣው፣ ከፋብሪካ ወደ መኖሪያ የሚያልፈው ድምፅ ነው። መኪና ውስጥ ተዘግቶ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው የሚሄደው ድምፅ ጠያቂ የለውም። ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ «ድምፁ በዝቷል» ቢል ሹፌሩ ቁልፉን ዞር አድርጎ «ይኸው» ይላል፤ ፖሊሱ ሲሄድ መልሶ ያዞራል። የቁልፍን ነገር በቅጣት ማሸነፍ አይቻልም። ሳጥን ግን በኪስ አይደበቅም፤ ስፒከር ያለበት ቦታ በዓይን ይታያል።

ስለዚህ ጉዳዩ መታየት ያለበት ቦሎ ሲወሰድ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ነው። ፍሬን፣ መብራትና ጎማ የሚያይ መርማሪ ሦስት ነገር ቢጨምር ይበቃል፦ በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ በተሳፋሪ ራስ አጠገብ የተገጠመ ስፒከር አለ ወይ? ከባትሪ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ሽቦ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አለው ወይ? ቴፑ ሹፌሩ በሚሰማበት ልክ ተከፍቶ መጨረሻው ወንበር ላይ ሲለካ ስንት ነው? ሦስተኛው መለኪያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ከሌሎቹ የምርመራ መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ዕቃ ነው። ዋናው የሚለካበት ቦታ ነው። ጋቢና ላይ የሚለካ ሰው የሹፌሩን ምቾት ነው የሚለካው። ውጭ ቆሞ የሚለካ የሠፈሩን። የተሳፋሪውን ጆሮ ሊያውቅ የፈለገ ተሳፋሪው ቦታ ላይ ይቀመጥ።

ይህን ለማስተካከል ከዛሬ የተሻለ ጊዜ የለም። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳውቋል፤ ኤሌክትሪክ መኪና በመንገዱ ላይ እየበዛ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ከወንበር ስር የሚያጓራ ሞተር የለም። ሹፌሩ ድምፅ እንዲጨምር ከሚያስገድዱት ምክንያቶች ትልቁ ጠፋ ማለት ነው። ነገር ግን አሮጌው ሳጥን ከአሮጌው ሚኒባስ ወጥቶ ወደ አዲሱ ጸጥ ያለ መኪና ከገባ ጸጥታው ለተሳፋሪ ሳይደርስ ያልቃል። አገር በብዙ ዶላር የገዛችው ጸጥታ ወንበር ስር በገባ ሳጥን ይሸጣል።

እንግዲህ የሚፈለገው ከባድ አይደለም። ሙዚቃ ለሹፌሩ ከሆነ ስፒከሩ ከሹፌሩ ፊት ይሁን፤ የፊት በር ላይ፣ በታሸገ በር ውስጥ። ለተሳፋሪውም ይድረስ ከተባለ ከአንድ ጩኸታም ሳጥን ይልቅ ዝግ ያሉ ትንንሽ ስፒከሮች ከጆሮ ራቅ ብለው ይደርደሩ። ሳብዉፈር የግድ ከሆነ ከ80 ኸርዝ በላይ አይውጣ፤ ጆሮ ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ከየት እንደመጣ በቀላሉ ስለማይለይ ተሳፋሪው መቀመጫ ስር መሆኑ ለማንም አይጠቅምም፤ ወደ ፊት በቀረበ ቁጥር ለሹፌሩ በትንሽ ድምፅ ይበቃዋል። የበር ስፒከር የቤዝ ሸክም ይነሳላት። ገጣሚዎችም ሽቦ ቀጣይ ከመባል ወጥተው ባለሙያ መባል ከፈለጉ ዋት መሸጥ ትተው ቦታ መለካት ይጀምሩ።

ከሁሉም የሚቀድም፣ ሕግም ሆነ መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ ነገር ደግሞ አለ። መሣሪያው ተገጥሞ ሲያልቅ ገጣሚው ባለመኪናውን ጋቢና አስቀምጦ ድምፁን ከፍቶ «እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለመኪናው አንገቱን ነቅንቆ ይከፍላል። ይህ ልማድ ይቅር። ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ገጣሚው ጋቢና ይቀመጥ፣ ባለመኪናው ደግሞ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጥጉ ላይ። ቴፑ ሹፌር በሚከፍተው ልክ ይከፈትና አንድ ዘፈን እስኪያልቅ እዚያው ይስማ። ከዚያ በኋላ መክፈል ከቻለ ይክፈል።